የእትዬ ጠረጴዛ

«በቡድን ሥራ ያላት ተሳትፎ፦ ዝቅተኛ።»

አንድ አሰልጣኝ እንዲህ ብሎ ጻፈባት። ከታች ፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ወረቀቱም ፋይሏ ውስጥ ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች፣ የስንታችንን ጣት ያተረፈች ሴት በአንድ ቀን ስልጠና ዝቅተኛ ተባለች። ይህን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ድምፄ ከፍ ካለ አትፍረዱብኝ።

ሴትዮዋ እህቴ ናት፣ የእናቴ ልጅ። እኔ እትዬ ነው የምላት። ሥራ ቦታም ሁሉም ከእኔ አፍ እየሰማ እትዬ ማለት ለመደ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። እናታችን ስታርፍ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሷ ደግሞ አሥራ ሰባት። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ገባች። እኔ እስክጨርስ አስተማረችኝ፣ ስጨርስም እዚያው አስገባችኝ። አንድም ቀን «እንዲህ አድርጌልሽ» ብላኝ አታውቅም። ወሬ አትወድም። እኔ የምናገረው የሁለታችንን ድርሻ ነው ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው።

የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ምን እንደሚመስል ላታውቁ ትችላላችሁ። ከየክፍሉ የቆሸሸው አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ጋውን በትልልቅ ከረጢት ታጭቆ ይመጣል። ከዚያ ማጠቢያ ማሽን፣ ከዚያ ማድረቂያ፣ ከዚያ ወደ እኔ ካውያ፣ ከዚያ አጣፊዎቹ ጋ ይሄዳል። ካውያ ስላችሁ የቤቱን እንዳትመስላችሁ። ቁመቱ የአልጋ ያህል ነው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ የአንሶላውን ጫፍ ወጥሮ ያስገባለታል። እትዬ የምትሠራው ግን ከሁሉም በፊት ነው፣ ከረጢቱ በር ላይ ሲወርድ። እሷ ለያይ ናት።

ለያይ ማለት ነጩን ከባለቀለሙ የሚለይ ይመስላችኋል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። አንሶላው ውስጥ መርፌ አለ! ሐኪሙ ቸኩሎ፣ ነርሷ ደክሟት፣ በሽተኛ የተወጋበት መርፌ አልጋ ላይ ይረሳና ከአንሶላው ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል። ምላጭ ይመጣል፣ መቀስ ይመጣል። አንዴ የሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነድዱ መጥቷል፣ እትዬ አጥባ በወረቀት ጠቅልላ እስከ አልጋቸው ወስዳ ሰጥታቸዋለች። «ልጄ፣ ሦስት ቀን ሾርባ ብቻ አጠጡኝ» ብለው መረቋት።

እትዬ እጇን ከረጢት ውስጥ አትሰድም። መቼም። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ትገለብጠዋለች፣ እያንዳንዱን አንሶላ ከጫፉ ይዛ ወደ ውጭ ትዘረጋዋለች፣ ጥርጣሬ ያለበትን በረጅም መቆንጠጫ ታነሳዋለች። መርፌ ካገኘች ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ትጥልና ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ጠረጴዛው ደግሞ ራሷ ለምና ያሠራችው ነው፣ ከአሮጌ የአዳራሽ በር። አንዱ እግሩ አጭር ነው፣ ክብደቱ ግን የሰይጣን ነው። እሷ እዚያ ጠረጴዛ ጋ በቆመችበት ዘመን ሁሉ ከእኛ ከዘጠኛችን አንድም ሰው ተወግቶ አያውቅም። ያልደረሰ ነገር ግን ማን ያየዋል? ማንም።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። ጥሩ ልብስ ይለብሳል፣ ሰላምታው ጥሩ ነው፣ ስለ ልብስ ማጠብ የሚያውቀው ግን ልብሱ ታጥቦ እንደሚመለስለት ብቻ ነው። አንሶላ ለየክፍሉ ዘግይቶ ይደርሳል የሚል አቤቱታ በዝቶበት ነበር። ልክ ነው፣ ይዘገያል። ከሦስቱ ማድረቂያ አንዱ ከሞተ ዓመት አልፎታል! እሱ ግን ማድረቂያ እንደማስጠገን አሰልጣኝ አመጣልን። «የቡድን ሥራና የጋራ ውሳኔ» የሚል ጨርቅ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ወንበሮቹ በክብ ተደረደሩ፣ የጠርሙስ ውሃ ተሰጠን፣ አንገታችን ላይ ወረቀት አንጠለጠሉልን። ስልጠናው ሲያልቅ ፈረቃ መሪ ከመካከላችን እንደሚመረጥም ተነገረ። እኔ በልቤ፣ ከእትዬ ሌላ ማን አለ አልኩ።

አሰልጣኙ ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለየው ሰውዬ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ብሎ ጀመረ። ጥቂት ቆየና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» አለ። በአንድ ጠዋት ያለንን ተረት አሟጠጠው። ቀጥሎ መልመጃ ሰጠን።

መልመጃው እንዲህ ነው። ተራራ ላይ መኪናችሁ ተበላሽቷል። ጫካ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሰው የለም። እጃችሁ ላይ አሥር ዕቃ አለ፤ ዳቦ፣ ቢላ፣ ካርታ፣ ክብሪት፣ ገመድ፣ ፊሽካ፣ መስታወት፣ ባትሪ፣ ውሃ፣ አንድ ትልቅ የላስቲክ ሸራ። ከሁሉ ከሚያስፈልገው እስከማያስፈልገው በተራ አስቀምጡ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ብቻውን ይጽፋል። ከዚያ ቡድኑ ተወያይቶ አንድ ዝርዝር ያወጣል። በመጨረሻ የባለሙያዎቹ ዝርዝር ይነበብና ከዚያ የራቅነው ይቆጠርብናል። ነጥቡ ያነሰ አሸናፊ ነው።

እኔ ዳቦ አንደኛ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ቁርስ አልበላሁም ነበር።

ውይይቱ ሲጀመር የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ማርከሩን ቀድሞ አነሳ። ይህ ሰውዬ፣ «ግምጃ ቤት» ነው የምንለው፣ ሳሙናና ጓንት የሚያድለን ነው። ከራሱ ኪስ የሚሰጠን ይመስል ሦስት ጊዜ ያመላልሰናል። አፉ ግን አያድርስ ነው! «ዳቦ አንደኛ፣ ያለ ምግብ ሰው የለም። ቢላ ሁለተኛ፣ አውሬ ቢመጣስ? ካርታ ሦስተኛ።» ማንም ሳይናገር እስከ አምስት ደረሰ። እኛም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እንላለን። እትዬ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ፣

«ላስቲኩ ይቅደም» አለች።

«ላስቲክ?» አለ ግምጃ ቤት። «እትዬ፣ አንቺ ደግሞ የመኝታ ላስቲክ መሰለሽ እንዴ?»

ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

«እርጥብ ልብስ ለብሶ ብርድ ላይ የቆመ ሰው ዳቦውን ሳይበላ ያልቃል» አለች። «በክረምት አንሶላ በእጅ ስንጨምቅ ጣታችን የራሳችን አልመስለን ሲል አላያችሁም? መጀመሪያ መድረቅ ነው። ሌላው ይደርሳል።»

ይህን ያህል ረጅም ንግግር ከእትዬ የሰማሁት በዓመት አንዴ ነው። ግምጃ ቤት «እሺ፣ ሐሳብ ነው፣ እናመሰግናለን» አለና ላስቲኩን ስምንተኛ ላይ ጻፈው። እትዬ ደግማ አልተናገረችም።

የባለሙያዎቹ ዝርዝር ተነበበ። አንደኛ ላስቲክ! ሁለተኛ ፊሽካ፣ እትዬም እንዲሁ ብላለች። ካርታው ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው፣ የት እንዳለ ለማያውቅ ሰው ካርታ ምን ይሠራለታል። ነጥቡ ተቆጠረ። ቡድናችን ሠላሳ ስምንት። ግምጃ ቤት አርባ አራት። እኔ አርባ፣ ከዳቦዬ ጋር። እትዬ አሥራ ሁለት! ከአዳራሹ ሁሉ አንደኛ፣ የጽዳት ክፍልና የወጥ ቤት ቡድን ጭምር ተደምሮ።

አሰልጣኙ በደስታ ሊበር ደረሰ። «አያችሁ? አያችሁ? መልሱ እጃችሁ ላይ ነበር! ቡድኑ አጠገቡ የተቀመጠችውን ባለ እውቀት አልሰማም!» አጨበጨብን። እኔ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። እሰይ፣ ዛሬ ገና እህቴን አወቋት አልኩ።

ከዚያ ሰውዬው ወደ እትዬ ዞረ። «ታዲያ አንቺ ለምን አላሳመንሻቸውም?»

«ነገርኳቸው» አለች።

«አንድ ጊዜ ብቻ!»

«አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይነገራል?»

«የቡድን አባል ለሐሳቡ ይታገላል እኮ» አለና ሰሌዳው ላይ «ዝምታ ቡድንን ይጎዳል» ብሎ ጻፈ። ጉድ እኮ ነው! ስምንት ሰው ጆሮውን ደፍኖ ጥፋተኛዋ የተናገረችው ሆነች። ያንን «ዝቅተኛ» የሚለውን ቃል ወረቀቷ ላይ የጻፈው በዚያች ሰዓት ነው፣ አጠገቧ ስለነበርኩ አይቼዋለሁ። የግምጃ ቤት ወረቀት ላይ ምን እንደጻፈስ ታውቃላችሁ? «የመሪነት ብቃት፦ ከፍተኛ።» በአርባ አራት ነጥብ!

ይህ ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ በተውኩት። ከምሳ በኋላ ኃላፊው ራሱ ገባ። «አሁን የተማራችሁትን በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ታውሉታላችሁ» አለ። ጉዳዩ የእትዬ ጠረጴዛ ነበር። ከረጢቱ ሳይለይ በቀጥታ ማሽን ቢገባ ስንት ሰዓት እንደሚተርፍ በወረቀት አስልቶ መጥቷል። ስለ ሞተው ማድረቂያ አንዲት ቃል የለም። ጠረጴዛው ይነሳ ወይስ ይቆይ? በጋራ ወስኑ።

እትዬ ተነሳች። መቼም ታገይ ተብላለች፣ ታገለች። «መርፌ አለ» አለች። «እጅ ይወጋል። ደብተሬን ላምጣና እዩት፣ በየሳምንቱ ነው የማገኘው።»

«እትዬ፣ በየክፍሉ እኮ የመርፌ ማስወገጃ ሣጥን ተቀምጧል» አለ ግምጃ ቤት። «ደግሞ ጓንት አለን።»

«ጓንት መርፌ አይመልስም።»

«ሥራዋን ላለመልቀቅ ነው» ብሎ አንዱ ከኋላ አንሾካሾከ። አሰልጣኙ ሰምቶ ፈገግ አለ። «ለውጥ ሁልጊዜ ያስፈራል። ግን አንድ ሰው ቡድኑን ወደ ኋላ መጎተት የለበትም» አለ። ከሁለት ሰዓት በፊት ሰሌዳው ላይ የጻፈው ገና አልደረቀም! እኔ የማይገባኝ ይሄ ነው። ትምህርቱን ያስተማረን እሱ ራሱ ነው፣ ምሳ በልቶ ረሳው።

«የተስማማ እጁን ያውጣ» አለ ኃላፊው።

አንድ ሁለት እያለ ስድስት እጅ ወጣ። ሰባተኛውም ወጣ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እህትና እህት ተደጋገፉ ሊሉ ነው አልኩ። የፈረቃ መሪነቱም ትዝ አለኝ፤ እትዬን «ዝቅተኛ» ካሏት ምናልባት እኔን ቢሉኝስ ብዬ አሰብኩ። ይህን እስከዛሬ ለማንም አላወራሁም። እጄን አወጣሁ።

እትዬ አየችኝ። ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠረጴዛው ጓሮ ካለው የቆርቆሮ መጠለያ ስር ተጣለ። እትዬ ወደ አጣፊዎቹ ተዛወረች። ግምጃ ቤት ፈረቃ መሪ ሆነ። ሁላችንም ሰርተፊኬት ተሰጠን፣ የኃላፊው ቢሮ በር ላይ ደግሞ በጋራ የፈረምንበት ውሳኔ ተለጠፈ። አንሶላ ለሦስት ሳምንት ያህል ቶሎ ደረሰ፣ ከዚያ ሁለተኛው ማድረቂያ ሞተና እንደ ድሮው ሆነ። ቤት ስንገባ እትዬ እንደ ወትሮው ናት፣ ራት ታቀርብልኛለች፣ ልጄን የቤት ሥራ ታሠራዋለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን «ኧረ እትዬ ተናገሪኝ» አልኳት። «ምን ብዬ?» አለችኝና ወጡን አወጣችልኝ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አንሶላ ወጥሬ ወደ ካውያው ሳስጠጋ አውራ ጣቴን አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። ስፌቱ ውስጥ ተሰክቶ፣ ማሽኑንም ማድረቂያውንም አልፎ መጥቷል። ሳየው መርፌ ነው። ከጓንቱ ስር ትንሽ ደም ወጣች።

ጮኼ እንደሆነ አላውቅም። እትዬ ግን ከወዲያኛው ጥግ መቼ እንደደረሰች አላየሁም። ጓንቴን አወለቀችው፣ እጄን ቧንቧ ስር አድርጋ በሳሙና አጠበችኝ። «አትጭመቂው፣ ውሃው ይውረድበት» ትላለች። ፈረቃ መሪው መጥቶ «መጀመሪያ ሪፖርት ቅጽ እንሙላ» ሲል ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ክንዴን ይዛ ወደ ሐኪሙ ወሰደችኝ። ታማሚው ማን እንደነበረ ማን ያውቃል? ከየትኛው ክፍል እንደመጣስ? ደብተር የሚጽፍ ቀርቷል። ሐኪሙ ለሃያ ስምንት ቀን የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልኝ። ምርመራው ዛሬ፣ ከዚያ በስድስት ሳምንት፣ ከዚያ በሦስት ወር፣ ከዚያ በስድስት ወር ነው አለኝ።

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አለቀስኩ። ልጄን አሰብኩ፣ ስድስት ወር እንዴት ይገፋል አልኳት።

«ይገፋል» አለች እትዬ። «እኔ ገፍቼዋለሁ።»

«ምን?»

«በገባሁ በዓመቴ ተወግቼ ነበር። ያኔ ጠረጴዛ የለም፣ ከረጢት ውስጥ እጃችንን ነበር የምንሰደው። አንቺ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበርሽ። ብነግርሽ ትወድቂያለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ውጤቱ ደህና ሲሆን ሄጄ አሮጌውን የአዳራሽ በር ለመንኳቸው፣ ጠረጴዛ አሠራሁት።»

እንዲህ ነው የነገረችኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። እኔ አፈር ልብላ! በዚያች አዳራሽ ይህን ብትናገር ማን እጁን ያወጣ ነበር? ግን ለምንድነው አንድ ሰው እንዲታመን ቁስሉን ገልጦ ማሳየት ያለበት? ሃያ ሁለት ዓመት አይበቃም? ደብተሩ አይበቃም? እኔስ፣ አብሬያት በአንድ ቤት የኖርኩት፣ ጠረጴዛው ለምን እንደተሠራ አንድ ቀን ልጠይቃት አልችልም ነበር?

ሐሙስ ዕለት ኃላፊው ስብሰባ ጠራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ሰሌዳ ቆሟል፣ ማርከር ተደርድሯል። «በተፈጠረው ሁኔታ አዝነናል። ዛሬ በቡድን በቡድን ሆነን አማራጮችን እንዘረዝርና፣ ጥቅምና ጉዳታቸውን...» እያለ ሳለ እትዬ ተነስታ ወጣች። በመስኮት አየኋት። ጓሮውን አቋርጣ መጠለያው ስር ገባች፣ ጠረጴዛውን በአንድ ወገን አንስታ መጎተት ጀመረች። ያ የሰይጣን ክብደት ንቅንቅ አይልም።

ተነሳሁ። «ገና አልተወሰነም እኮ!» አለ ኃላፊው። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፣ የእናቴ ነፍስ ትሰማኛለች።

ስደርስ እትዬ ላብ በላብ ሆናለች።

«እትዬ» አልኳት፣ «ያን ቀን እጄን ያወጣሁት...»

«አይቻለሁ» አለች። «ከዚያ በኩል ያዢው። አጭሩን እግር ተጠንቀቂ።»

ያዝኩት። አነሳነው። በር ላይ ስንደርስ የማሽኑ ሰውዬ ወጥቶ መሃሉን ያዘ፣ ከዚያ ሁለቱ አጣፊዎች መጡ። ማንም እጁን አውጣ አላለንም። ቦታው አስቀመጥነውና ሰርተፊኬቴን አራት አጥፌ አጭሩ እግር ስር አስገባሁት። ልክ ሆነ።

ኃላፊው ደርሶ «ጥሩ፣ ግን ሥርዓት አለ...» ሲል እትዬ ቀና አለች። «እኔን ስሙኝ አላልኩም» አለችው። «እጃችሁን ጠብቁ ነው ያልኩት።» ቆርቆሮዋን አምጥታ ጠረጴዛው ጥግ አስቀመጠች።

የመጨረሻው ምርመራዬ ደህና ሆኖ ወጣ፣ ተመስገን። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ኃላፊው ምን ብሎ እንደጻፈ ግን ስሙኝ፦ «በተሰጠው ስልጠና መሠረት ሠራተኞች በጋራ ተወያይተው የመለያ ጠረጴዛው እንዲመለስ ወስነዋል።» ተወያይተው! ያን ቀን እጄ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን አኝኬ እውጠው ነበር። ቀጥ ብዬ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሌላው ይቅር፣ ያ «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ከፋይሏ ይውጣ አልኩ። ጸሐፊዋ አዘነችልኝ፣ ነገር ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይወጣም አለችኝ። ተሟገትኩ። ጮህኩ። አልሆነም።

እየነደድኩ ተመልሼ ለእትዬ ነገርኳት። ሰማችኝ። በሩ ላይ ከማዋለጃ ክፍል የመጣ ከረጢት ተቆልሏል።

«እሱን ተይው» አለች። «ይሄን ከረጢት ያዢልኝ፣ ልገልብጠው።»

ያዝኩላት።